አስቴርና ያላለቁት ጋዋኖች

የአስቴርን ማረፍ የሰማሁት ከአንድ የቦዲቲ ደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ ነው። ሰውየው የአጥቢያቸውን መዘምራን ልብስ ሊያዝ መጥቶ መደርደሪያችንን ከዳር እስከ ዳር ሲያይ ቆየና፣ «ያለቀ የላችሁም እንዴ?» አለኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ «ያለቀ የለንም። እኛ ጋ ልብስ የሚያልቀው ባለቤቱ ሲመጣ ነው» አልኩት። አባባሉ የእኔ አይደለም፤ የእሷ ነው። ተናግሬ ሳልጨርስ ስልኬ ጠራ። ከእኛ ስፌተኞች አንዷ ነበረች፤ አስቴርን ስታስታምም የከረመችው። ለቅሶዋን ነው የሰማሁት፤ ቃል አላስፈለገም።

ሰውየው ሁኔታዬን አይቶ፣ «ምን ሆንክ? ማን ነው?» አለኝ።

«ይህን ሁሉ ሳትጨርስ የተወችው ሴት ናት» አልኩትና ተቀመጥኩ።

እኔ የዚህ የስፌት ማኅበር ስቶር ኪፐር ነኝ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር፤ እኔም ጣቃ መሃል ነው ያደግኩት። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ዕቃ ማለት ታጥፎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ገዢ ሲመጣ «ይኸው» ተብሎ የሚሰጥ ነገር ነው። እንግዲህ እንደኔ ያለውን ሰው ነው አስቴር፣ እጅጌው ያልታጠፈ፣ ጫፉ ያልተቀመቀመ፣ አንገቱ ባዶ የሆነ ልብስ የሞላበት መጋዘን ላይ ያስቀመጠችው። ስንት ጊዜ ደሜ እንደፈላ እኔ ነኝ የማውቀው።

አጭር ናት፣ እርምጃዋ ግን ፈጣን ነው። ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ረስታው የመጣችባቸው ቀናት አሉ፤ ስትጸልይ እሱን ስታሻሽ ያየኋት እኔ ነኝ። ስትሠራ ስፒሎቹን በከንፈሯ ነክሳ ነው፤ ስለዚህ ቃሏ አጭር ነው፣ በአፏ ጥግ ነው የሚወጣው። ስፒሎቹን ከአፏ አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ መደርደር ከጀመረች ግን ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሁላችንም ማሽን አቁመን እንሰማለን።

አማርኛዋ የሶዶ አማርኛ ነው። ቤቷ በወላይትኛ ነው የምታወራው፤ ወደ አማርኛ ስትመጣ መቀሱም «እሷ» ናት፣ ጨርቁም «እሷ» ናት። እኔን ስትወደኝ «ታ ኢሻው» ትለኛለች፣ ወንድሜ ማለቷ ነው። ስትቆጣኝ ደግሞ «ነጋዴው» ነኝ። በቀን ሁለቱንም እሆናለሁ።

ከእኛ ከተማ ወጥተው ሐዋሳ ፋብሪካ ከገቡት ሴቶች አንዷ ነበረች። እዚያ ሸሚዝ ትሰፋ ነበር፤ ኋላም የአንድ መስመር ኃላፊ ሆናለች። አንድ ቀን የሆነውን እየደጋገመች ታወራልናለች። ውጭ አገር ያለው ገዢ በመጨረሻው ሰዓት «ኮሌታው ይቀየር» ብሎ ላከ። ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ ካርቶን የገባው ሸሚዝ ሁሉ ከንቱ ቀረ። ልጆቹ ዕረፍታቸውን ሠውተው የሰፉት ነው፤ አንዳንዶቹ ካርቶኑ ላይ ተደፍተው አለቀሱ። አንድ ጥግ ላይ ግን ማሽን ተበላሽቶ ኮሌታ ሳይገባለት የቀረ ክምር ነበር። የተረፈው እሱ ብቻ ነው፤ አዲሱ ኮሌታ ተሰፋለትና ሄደ።

«የሰነፈችው ዳነች» ትላለች እየሳቀች። «የቸኮለችው ናት ያለቀላት።»

ከዚያ ወዲህ የትኛውንም ልብስ ስታይ አንድ ጥያቄ ነው የምትጠይቀው፦ ይህ ልብስ ከሌላው የሚለየው የት ላይ ነው? እስከዚያ ድረስ ያለውን አስቀድመሽ ስፊ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ተይው። ነገሩ ይኸው ነው። ሲናገሩት ቀላል ነው፤ መደርደሪያ ላይ ሲያዩት ግን፣ እኔ ልንገራችሁ፣ ያስጨንቃል።

ፋብሪካውን ትተው ከተመለሱ ሴቶች ጋር ዘጠኝ ሆነው ማኅበር መሠረቱ፤ ከመንግሥትም የመሥሪያ ሼድ ተሰጣቸው። የአባቴ ሱቅ በዚያው ሰሞን ተዘግቶ ስለነበር አስቴር መጥታ፣ «ጨርቅ ታውቃለህ፣ አፍም አለህ። ና» አለችኝ። ሄድኩ።

የምንሰፋው የመዘምራን ጋዋን ነው። ወላይታ ውስጥ ኳየር የሌለው አጥቢያ ፈልገህ አምጣ ብትሉኝ አላመጣም። የአጥቢያዎች ኮንፈረንስ ሲቃረብ እያንዳንዱ ኳየር አዲስ ልብስ ያሰፋል፤ ቀለሙንም እስከ ዕለቱ ይደብቃል። ቀለሙ ቀድሞ ከወጣ ሌላው አጥቢያ ይወስደዋል፣ ወይም የሚበልጠውን ይመርጣል። በእግዚአብሔር ቤት ፉክክር የለም ይባላል። እውነት ነው፤ በቀለም ግን አለ። በዚህ ምክንያት የከተማው ልብስ ሰፊ ሁሉ ወራቱን እጁን አጣጥፎ ይቀመጥና፣ ሁሉም ቀለሙን ወስኖ በአንድ ሳምንት ሲመጣበት ይቃጠላል። ያ ሁሉ ጥድፊያ ውስጥ የአንዷ እጅጌ ያጥራል፣ የአንዱ አንገት ያንቃል፤ መድረክ ላይ ወጥተው እየዘመሩ ልብሳቸውን ሲጎትቱ አይተናል።

አስቴር፣ «ቀለሟን እስኪወስኑ ለምን ቁጭ እንላለን? ቀለም የሌላትን እንስፋ» አለች።

መጀመሪያ ያሰበችው ነጭ ሰፍቶ ማስቀመጥና በመጨረሻ ቀለም መንከር ነበር። የአንዱን አጥቢያ ጋዋን በበርሜል ሰማያዊ ነከርንላቸው፤ አምሮ ነበር። በሰልፍ እየዘመሩ ሲወጡ ዝናብ ጣለ። የመዘምራኑ አንገት ሰማያዊ ሆኖ ከረመ፤ ከጀርባ ቆመው በባስ ድምፅ ከሚዘምሩት የአንዱ ጢም ሳይቀር ተነከረ። አስቴር እግራቸው ሥር ወድቃ ይቅርታ ጠየቀች፣ ልብሱንም በሙሉ መልሳ ወሰደች። ስትመለስ የከፋት መስሎኝ ላጽናናት ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን እየበረረች ገብታ፣ «ገባኝ። ቀለሟ በርሜል ውስጥ አይደለችም፤ ቁልፍ ላይ ናት» ብላ መቀስ አነሳች።

ያን ቀን የቆረጠችው ነው እስከ ዛሬ የምንሰፋው። አካሉ ግራጫ ነው፤ ከየትኛውም ቀለም ጋር የሚስማማ ግራጫ፣ ገበያውን ሁሉ አዙራኝ ያስመረጠችኝ። ጎንና ጎኑ ላይ አራት ጣት የሚያህል ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፎ ይቀራል፤ የወፈረ ይለቀቅለታል፣ የቀጠነ ይጠበብለታል። ጫፉ አይቀመቀምም፤ የሚቀመቀመው ሰውየው ቆሞ ተለክቶ ነው። ትከሻው ላይ፣ በእጥፋት ሥር ተደብቀው፣ ቁልፎች በረድፍ ይተከላሉ። ቀለሙ ያለው አንገትጌው ላይ ብቻ ነው፤ ትከሻን ሸፍኖ ደረት ላይ የሚወርድ ሰፊ አንገትጌ፣ በእነዚያ ቁልፎች የሚያያዝ። ለሁምቦ ሙቀት ገበር አይገባም፤ ለጉኑኖ ብርድ በቁልፍ የሚገባ ገበር አለው። አካሉ ግን አንድ ነው። ኳየሩ በመጣ በሁለተኛው ቀን ለብሶ ይሄዳል።

ችግሩ ይህን የምናውቀው እኛ ብቻ መሆናችን ነበር። ሼዱን የሚከታተለው የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ለግምገማ መጣ፤ ሰው የሚያከብር፣ ሥራውን የሚያውቅ ወጣት ነው። «ያለቀ ምርት አሳዩኝ» አለኝ። ምን ላሳየው? መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ሞልቷል፣ አንድም ያለቀ የለም። አንዱን ግራጫ አንስቶ አገላበጠው፣ እጅጌው ላይ የተንጠለጠለውን ክር ሳብ አደረገውና፣ «እንዲህ ሆኖ ማን ይለብሰዋል?» አለ።

«ማንም አይለብሳትም» አለች አስቴር በአፏ ጥግ። «ባለቤቷ ሲመጣ ታልቃለች።»

«ባለቤቷስ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ለኮንፈረንሱ።»

ወጣቱ አልተቆጣም። ሼድ የሚጠብቁ ሌሎች ማኅበራት እንዳሉ፣ ከኮንፈረንሱ በኋላ እንደሚመለስ፣ ያኔም ሥራችን በሰው ላይ ካልታየ ቦታውን ለሌላ ለመስጠት እንደሚገደድ በትሕትና ነገረንና ሄደ። ሴቶቹ ማሽናቸውን አቁመው ነበር። ፋብሪካውን ትተው የመጡት ለዚህ ሼድ ነው፤ ሌላ የሚሄዱበት የላቸውም። አስቴር ዞር ብላ አየቻቸውና፣ «ስፉ እንጂ፣ ኮንፈረንሱ ቆማ አትጠብቀንም» አለች።

ለዚያ ኮንፈረንስ ሦስት ኳየሮች አዘውናል፤ አንዱ የሶዶ፣ አንዱ የጉኑኖ፣ አንዱ የተበላ ከተማ። መጀመሪያ የመጡት የጉኑኖው መሪ፣ መምህር ዳንኤል ናቸው። ገብተው በሩን ዘጉ። እኔን እያዩ፣ «እሱስ?» አሉ።

«እሱ መጋዘን ነው፣ የገባ አይወጣም» አለች አስቴር።

መምህር ዳንኤል ጎንበስ ብለው፣ «ወይን ጠጅ» አሉ። «እህት አስቴር፣ በጌታ ይዤሻለሁ፣ ለማንም።»

«ለማንም» አለች።

በሳምንቱ የተበላዋ መሪ መጣች፤ ወይዘሮ ታደለች፣ በቆሎ ነጋዴ፣ ድምፅዋ ከዚያ ማዶ የሚሰማ። የዚያን ቀን ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አስቴርን በክንዷ ይዛ ጥግ ወሰደቻት። እኔ መደርደሪያው ጀርባ ነበርኩ። «ወይን ጠጅ ነው ያሰብነው፣ እህቴ። ጉኑኖዎች ቢሰሙ እኔ እሞታለሁ።»

«አይሰሙም» አለች አስቴር።

ታደለች እንደወጣች መደርደሪያው ጀርባ ሆኜ ራሴን ያዝኩ። ሁለት ኳየር፣ አንድ መድረክ፣ አንድ ቀለም፣ ልብሱን የሰፋው ደግሞ አንድ ቤት። ምን ሊሉ እንደሚችሉ ማሰብ አያስፈልግም፦ አስቴር ቀለማችንን ሸጠችብን። ከዚያ በኋላ በዞኑ ውስጥ ማን እግሩ እኛ ቤት ይደርሳል? ሼዱም ሄደ፣ ሴቶቹም ተበተኑ።

ሳልቆይ ወጥቼ፣ «ለአንዳቸው ሹክ እንበል» አልኳት።

«ለየትኛዋ?»

«ለአንዷ ነዋ። ማን እንደመረጠው አንናገርም፤ ቀለሙ ተይዟል እንላለን።»

«ሦስት ኳየር ናቸው፣ ነጋዴው። ተይዟል ካልኳት ማን እንደያዛት ለማወቅ ምን ያህል ትቆያለች?»

«እንግዲያው ጨርቁ ገበያ ላይ ጠፋ በያት።»

ያን ጊዜ ነው ስፒሎቹን ከአፏ ማውጣት የጀመረችው። አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። «ጨርቋ መደርደሪያህ ላይ ናት» አለችኝ። «ለሁለቱም ለማንም ብያለሁ። እኔ ቃሌን ባፈርስ፣ ይህ ቤት ሼዷን ሳይወስዱባት ነው የፈረሰችው።» ሆድ ይፍጀው ከማለት ሌላ ምን አማራጭ ነበረኝ?

እሷም ከዚያ በኋላ አንድ አንገትጌ አንስታ ስታገላብጥ ዋለች። ወደ ውጭ ትገለብጠዋለች፣ ወደ ውስጥ ትመልሰዋለች፣ ገበሩን በጥፍሯ ትቧጭራለች። እኔ በሐሳብ ስሟሟ እሷ በአንገትጌ ትጫወታለች ብዬ አንጀቴ አረረ። ማምሻውን ወደ ሴቶቹ ዞር ብላ ያለችው አንድ ነገር ነው፦ «ገበሯ ለምን ትደበቃለች?»

በነጋታው ለሦስቱም ኳየሮች እኩል ደወለች። ከእንግዲህ እዚህ ቤት የሚሰፋ አንገትጌ ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ፊት የመረጡት ቀለም፣ ሌላው ፊት ደግሞ ሁለተኛ ምርጫቸው ነው፤ የቱን እንደሚያወጡ መድረኩ ጋ ደርሰው ይወስናሉ። መምህር ዳንኤል ነገሩ ስላልተዋጠላቸው ሶዶ ድረስ መጡ።

«እህት አስቴር፣ እኛ ወስነናል እኮ። ሁለተኛው ለምን አስፈለገ?»

«ከኋላችሁ ምን ዓይነት መጋረጃ እንደሚሰቅሉ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ፀሐይ ትሁን ደመና ታውቃለህ?»

«ከየት አውቄ?»

«ከጎናችሁ የሚቆመውስ ምን እንደሚለብስ ታውቃለህ?»

መምህር ሳቁ። «እሱንማ ባውቅ ደስ ባለኝ።»

«እኔ ደግሞ አልናገርም። ለዚህ ነው ሁለት ፊት» አለች፣ እሷም እየሳቀች። አፌን በእጄ ያዝኩ። አንዲት ቃል አልዋሸችም፣ አንዲት ቃልም አላወጣችም። መምህር ጥቁር አረንጓዴ መረጡ። ታደለች በስልክ፣ «እንግዲያው እንደ በቆሎአችን ቢጫ አድርጊልን» አለች። ሁለተኛውም እንዳይገጥም እኔ በበኩሌ ጸልዬ ነበር፤ መልሱ ደርሶኛል።

ሁለት ፊት ያለው ልብስ መስፋት ግን እንዲህ በአፍ እንደሚወራው አይደለም። ስፌቱ በየትኛውም ፊት መታየት የለበትም፤ የቁልፉ ቀዳዳ ከሁለቱም ወገን ንጹሕ መሆን አለበት፤ ወይን ጠጁ በቢጫው ውስጥ አሳልፎ እንዳይታይ መሃሉ ላይ ስስ ጨርቅ ይገባል። ሴቶቹ ተራ እየገቡ ሰፉት። አካሉ ቀድሞ ባይሰፋ ኖሮ ጊዜው ፈጽሞ አይበቃም ነበር። እኔ ለዓመት ስወቅሰው የኖርኩት የግራጫ ክምር በአንድ ሳምንት ከመደርደሪያዬ ወረደ፤ ባዶ መደርደሪያ እንዲያ ደስ ይላል ብዬ አስቤ አላውቅም።

የኮንፈረንሱ ጠዋት እኔና አስቴር ከድንኳኑ ጀርባ ነበርን፣ እሷ መርፌና ክር ይዛ፣ እኔ እጄን ይዤ። ኳየሮቹ ልብሳቸውን በየራሳቸው ጥግ፣ በጨርቅ ሸፍነው ነው የሚለብሱት። ጉኑኖዎች ቀድመው ተጠሩ። ሽፋኑ ሲነሳ ወይን ጠጃቸው በግራጫው ላይ አበራ። ሕዝቡ እልል አለ።

ከእኛ አጠገብ ተበላዎች ለብሰው ቆመዋል። እነሱም ወይን ጠጅ።

መጀመሪያ ሁሉም ወደ መድረኩ አዩ። ቀጥሎ ሶፕራኖ ዘማሪዎቹ ጋ ሹክሹክታ ተነሳ፣ የአንዷ ዓይን እንባ አቀረረ። ወይዘሮ ታደለች ቀስ ብላ ወደ አስቴር ዞረች። እኔ በበኩሌ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ታውቂ ነበር?» አለቻት።

አስቴር ዓይኗን አልሰበረችም። «የአንቺን ብነግራቸው ደስ ይልሽ ነበር?»

ታደለች አስቴርን አየች፣ መድረኩን አየች፣ ከዚያም የራሷን አንገትጌ ጫፍ በጣቷ ይዛ ገለጥ አደረገችው። ቢጫው ታየ። ሳቋ ሲያመልጣት ያ የገበያ ድምፅዋ ተመለሰ። «በሉ ገልብጡ» አለች።

ቁልፎቹ የሚፈቱትና የሚገቡት ያለ መስተዋት ነው፤ አንዱ የአንዱን ጀርባ ይይዛል። አስቴር ሥር ሥራቸው እየሄደች ታቃናለች። ጉኑኖዎች መዝሙራቸውን ሲጨርሱ ተበላዎች ቢጫ ሆነው ወጡ፤ ወይን ጠጁና ቢጫው ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ሲያልፉ ሕዝቡ ታስቦበት የተደረገ መሰለው። መምህር ዳንኤል ነገሩን የሰሙት ምሳ ላይ ነው፣ ከታደለች ከራሷ። ሁለቱም አስቴርን ፈልገው መጡ። ሊጣሏት መስሎኝ ፊት ለፊት ቆምኩ። መምህር ግን፣ «ሁለታችንንም ይዘሽ እንዴት አስቻለሽ?» ብለው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። ያን ቀን የኮራሁትን ያህል በአባቴ ሱቅም፣ በራሴም ሥራ ኮርቼ አላውቅም።

የጽሕፈት ቤቱ ወጣት በሳምንቱ መጣ። መደርደሪያው ባዶ ነው። «ያለቀውን አሳዩኝ ልል ነበር» አለ፣ «ግን እዚያው ነበርኩ።» ሼዱ የእኛ እንደሆነ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሶዶ ውስጥ የማያውቅ የለም። ከአረካም ከቦዲቲም መጡ። አንዳንዱ የሚመጣው ለልብሱ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ምስጢሩ እዚህ ቤት እንደማይወጣ ስለሰማ ነው። ሌሎች ልብስ ሰፊዎች ልብሳችንን አይተው መቅዳት ጀመሩ። እኔ ተበሳጭቼ ስነግራት፣ ስፒሏን ነክሳ፣ «ይቅዱ፣ ታ ኢሻው። እነሱም የመጨረሻዋን ስፌት ለባለቤቷ መተው ይልመዱ» አለችኝ። ከዚያም አልፋ ጠርታ አስተማረቻቸው፤ ቁልፉ የት ላይ እንደሚተከል ራሷ በጠመኔ አስምራ።

ባለፈው ክረምት ታመመች። ሄጄ አልጋዋ አጠገብ ስቀመጥ ወሬዋ ሥራ ነው። መጨረሻ ያገኘኋት ቀን ድምፅዋ ደክሞ፣ «መጋዘንህ እንዴት ናት?» አለችኝ።

«ሞልቷል» አልኳት። «አንድም ያለቀ የለም።»

«ሎዖ» አለች፤ ጥሩ ማለቷ ነው። ፈገግ እንዳለች ዓይኗን ከደነች። ወጥቼ መንገድ ላይ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም።

ለቀብሯ ኳየሮች ከየአጥቢያው መጡ። እንደ ልማዱ እያንዳንዱ በራሱ ልብስ ነው። ጉኑኖዎች ቀድመው ደርሰው በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰልፈዋል፣ ወይን ጠጃቸውን አውጥተው። ወዲያው የተበላዎቹ መኪና በር ላይ ቆመና ወይዘሮ ታደለች ቀድማ ወረደች። እነሱም ወይን ጠጅ አውጥተዋል፤ ለለቅሶ ቢጫ የሚለብስ የለምና። ታደለች ጉኑኖዎችን አየች። ቆመች። እጇ ወደ ትከሻዋ ሄደ።

ልትገለብጠው ነው ብዬ ነበር። አልገለበጠችውም። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታች፣ አንገትጌውን አወለቀች፣ አጥፋ በክንዷ ሥር ያዘችው። ከኋላዋ ያሉት አይተው እንደሷ አደረጉ። መምህር ዳንኤል ከማዶ ይህን ሲያዩ ኮፍያቸውን አውልቀው መሬት ላይ አስቀመጡና እጃቸውን ወደ ትከሻቸው ሰደዱ። ጉኑኖዎች ተከተሏቸው። ከዚያ ሶዶዎች፣ ከዚያ አረካዎች። ማንም ትእዛዝ አልሰጠም። የቀረው ግራጫው ብቻ ነው፤ ያ መደርደሪያዬ ላይ ለዓመታት ተቆልሎ ያየሁት፣ ማንም ሰው ያለ አንገትጌው አደባባይ ለብሶት የማያውቅ፣ ቁልፎቹ ትከሻ ላይ ባዶ የቀሩ ግራጫ። ተቀላቅለው ሬሳዋን ተከትለው መዘመር ጀመሩ፤ ጉኑኖው ከተበላው አይለይም።

አጠገቤ የምትሄድ አንዲት ሴት ነበረች። ከሐዋሳ የመጣች ናት፤ ከአስቴር ጋር በፋብሪካው አንድ መስመር ላይ ይሰፉ ነበር። እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ሰልፉን እስከ ጫፉ አየችና፣ «አቤት ብዛታቸው» አለችኝ። «ይሄ የየትኛው አጥቢያ ኳየር ነው?»

«የአስቴር ነው» አልኳት።